በአጭር ጊዜ ለጆርናል መጻፍ ይቻላል፤ በዚህ መንገድ ግን አይደለም

ሰሞኑን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሦስት አራት ሳምንት ብቻ የቀረው ተማሪም ቢሆን በጆርናል የታተመ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። መንገዱን በስድስት ነጥብ ያስቀምጣል። ትልቅና ወቅታዊ ርዕስ ምረጥ። ስለ ርዕሱ ያለውን ሁሉ አንብበህ ሳትጨርስ መጻፍ አትጀምር። መጠይቅ በትን፤ ውጤት እስኪወጣም ዳታውን አገላብጥ። የታወቀ ምሁር ስም አስገባ። ክለሳ ድርሳናቱን፣ ማለትም ቀድሞ የተጻፉ ጥናቶችን የሚዳስሰውን ክፍል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፍ። በመጨረሻም ቶሎ ለሚመልሱ ጆርናሎች ባንዴ ላክ።

ጽሑፉን ተማሪዎች እየተቀባበሉት ነው። ሥራዬ የተማሪዎችን ረቂቅ ማንበብና ማረም ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ይህን ምክር አምኖ የተነሳ ተማሪ የሚያጣው ጊዜውን ብቻ አይደለም። ገና ከመነሻው ስሙም አብሮ ይበላሻል።

የምስማማበትን ላስቀድም። ጸሐፊው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለጆርናል መጻፍ ይችላል ማለታቸው ልክ ነው። ከዚያም ያነሱ ልጆች ጽፈዋል። በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ላይ ከወጣ አንድ ጥናት ጸሐፊዎች አንዷ ኤሚሊ ሮዛ ነበረች። ያኔ 11 ዓመቷ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2010 ደግሞ እንግሊዝ አገር ብላክአውተን በምትባል መንደር የሚማሩ፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ልጆች ስለ ንቦች ያደረጉት ሙከራ «ባዮሎጂ ሌተርስ» ላይ ታትሟል። ሥዕላዊ መግለጫዎቹን በባለ ቀለም እርሳስ የሣሉት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ዕድሜም ዲግሪም በሩን አይዘጋም።

ከሥሩ መስተካከል ያለበት ነገር ግን አለ። ጽሑፉ ቃል የሚገባው ህትመትን ነው። ህትመት በተማሪው እጅ ያለ ጉዳይ አይደለም። አርታኢ አለ፤ ገምጋሚዎች አሉ። ገምጋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ ከራሳቸው ሥራ ሰዓት ቆርሰው የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። መልሳቸው ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይወስዳል። በሦስት ሳምንት ሊደረስ የሚችለው ለአርታኢ ሲላክ የማያሳፍር፣ ለህትመት የሚበቃ ረቂቅ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስድስቱ ምክሮች ግን ወደዚህ አያደርሱም፤ እንዲያውም ከዚህ ያርቃሉ።

«ትልቅ ርዕስ ምረጥ»

የጸሐፊው ክርክር አርታኢ የሚማረከው በትልቅ ነገር ነው የሚል ነው። ምሳሌያቸው «ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ነው። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። የትኛው ሚዲያ? የየትኞቹ ተማሪዎች? ውጤት ሲባል የፈተና ነጥብ ነው ወይስ ትምህርት ማቋረጥ? ተጽዕኖ ሲባልስ? ሚዲያው ነው ውጤቱን ዝቅ ያደረገው ወይስ ውጤቱ የወረደ ተማሪ ነው ሚዲያ ላይ የሚያመሸው? ይህን የመጨረሻውን መለየት ለተደራጀ የጥናት ቡድን እንኳ የዓመታት ሥራ ነው። ሦስት ሳምንት ያለው ተማሪ እዚህ ውስጥ ከገባ የሚወጣው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር በብዙ ገጽ ደግሞ ነው።

አሁን የኤሚሊን ጥናት ተመልከቱ። «ቴራፒዩቲክ ተች» የሚባል ሕክምና አለ። ባለሙያዎቹ ታካሚውን ሳይነኩ፣ እጃቸውን ከሰውነቱ በላይ እያንቀሳቀሱ የኃይል መስኩን እናስተካክላለን ይላሉ። ትልቁ ጥያቄ «ይህ ነገር ያድናል ወይ?» የሚለው ነው። እሱን ለመመለስ ሆስፒታልና ታካሚዎች፣ ብዙ ገንዘብም ያስፈልጋል። ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች የሌላ ሰው እጅ አጠገባቸው መኖሩን ሳያዩ ማወቅ ይችላሉ? በቃ፣ ይህን ብቻ።

የካርቶን መከለያ አቆመች። ባለሙያው ሁለት እጁን በመከለያው ሥር አሳልፎ ያስቀምጣል። እሷ ሳንቲም ትወረውርና በወጣው መሠረት የራሷን እጅ ከቀኙ ወይም ከግራው በላይ ታደርጋለች። እሱ የትኛው ጋ እንዳለ ይናገራል። 21 ባለሙያዎች ተፈተኑ፤ ሙከራው በጠቅላላ 280 ነበር። በትክክል የተመለሰው 44 በመቶ ነው። ዝም ብለው ቢገምቱ እንኳ ወደ 50 በመቶ ያገኙ ነበር። መኖሩ ካልታወቃቸው ያስተካክሉታል የሚባለው ነገር ከመሠረቱ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ጥያቄው ትንሽ ነው፤ የነካው ነገር ግን ትልቅ ነው። አርታኢን የሚማርከው እንዲህ ያለው ነው።

ይህን በእናንተ ሥራ ላይ ላሳይ። አንድ የሥነ ልቦና ተማሪ «በመጠይቅ የሚሠሩ ጥናቶች ይታመናሉ ወይ?» የሚለው ነገር ያሳስበዋል እንበል። ትልቅ ነው። እናጥብበው። አንድ ጆርናል ይምረጥ። እዚያ ላይ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡትን፣ በመጠይቅ የተሠሩትን ጽሑፎች ብቻ ይውሰድ። ጥያቄው ይህ ይሁን፦ ጀምረው ያቋረጡ ተሳታፊዎች ስንት እንደሆኑ ተጽፏል? ከተጻፈስ የት ነው? አጠቃሎው (አብስትራክቱ) ላይ፣ ዘዴው ክፍል ውስጥ፣ ወይስ ሠንጠረዥ ሥር በደቃቃ ፊደል?

60 ጽሑፍ ከሆነ 60 ረድፍ ያለው ኤክሴል ነው። ዓምዶቹ ጥቂት ናቸው፦ ዓመት፣ የናሙና መጠን፣ ቁጥሩ አለ ወይም የለም፣ የተጻፈበት ቦታ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጽሑፎች ሲሞላ ግራ የሚያጋቡ ይገጥሙታል። አንዱ «ያልተሟሉ መልሶች ተወግደዋል» ብሎ ያልፋል፤ ቁጥር የለም። ይህ «አለ» ነው ወይስ «የለም»? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ደንብ ይጽፋል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ረድፍ እንደገና ይጀምራል። ጓደኛውን ይለምንና ከ60ዎቹ የተወሰኑትን እሱ የሞላውን ሳታይ በዚያው ደንብ እንድትሞላ ያደርጋል። የሁለቱ መልስ ምን ያህል እንደሚገጥም በኮኸን ካፓ ያሰላል። ይህ ስሌት ከ1960 ጀምሮ ያለ ነው፤ ማንኛውም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይሠራዋል። ማንንም ሰው አላስቸገረም። የጽሑፎቹን ዝርዝር ለሚፈልግ ሁሉ ማሳየት ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ሲያልቅም ከዚያ በፊት ማንም ያልቆጠረው ነገር ይኖረዋል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ቢሆን ያው ነው። «የእገሌ ግጥሞች ውበት» አይሆንም። አንድ ግጥም መጀመሪያ መጽሔት ላይ ሲወጣና ኋላ መድበል ውስጥ ሲገባ ምኑ ተለወጠ? የተሰረዙት ስንኞች የትኞቹ ናቸው? ለውጡስ የግጥሙን ትርጉም ወዴት ወሰደው?

«ሁሉን አንብበህ ሳትጨርስ አትጻፍ»

ይህ ምክር ጨዋ ይመስላል። ለዚህም ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ንባብ መጨረሻ የለውም። ትጉህ ተማሪ እንዲህ ሲባል ሁለቱን ሳምንት ፒዲኤፍ ሲያወርድ ይከርማል። በሦስተኛው ሳምንት እጁ ላይ ብዙ ማስታወሻ እንጂ አንድ አንቀጽ እንኳ የለም።

ከጥያቄያችሁ ጋር በጣም የሚቀራረቡ ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፎች ፈልጉ። እነሱን ደግማችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ። ከዚያ ዋቢዎቻቸውን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ቀጥሎም ጉግል ስኮላር ላይ እነሱን የጠቀሱ አዳዲስ ጽሑፎችን ዝርዝር ክፈቱና ወደ ፊት ሂዱ። ያው ስሞች እየተመላለሱ መምጣት ሲጀምሩ ለአጭር ጽሑፍ የሚበቃችሁን ያህል አንብባችኋል።

መጻፉም በመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ከመግቢያው አትጀምሩ። ዘዴ የሚለውን ክፍል ጻፉ፤ ምክንያቱም እሱ የምታደርጉትን መናገር ብቻ ነው። ምን ወሰድኩ፣ ከየት፣ በምን መስፈርት፣ ምን ተውኩ። ሥራውን እየሠራችሁ በየማታው ጥቂት መስመር ብትጨምሩበት ክፍሉ ሳይታወቃችሁ ያልቃል። ሠንጠረዡ ይከተል። ከሠንጠረዡ ግኝቱን ትጽፋላችሁ። መግቢያና አጠቃሎ መጨረሻ ላይ ይሁኑ፤ የምታስተዋውቁትን ነገር ያወቃችሁት ያኔ ነው።

ስለ መግቢያ ካነሳን አይቀር፣ የቋንቋ ምሁሩ ጆን ስዌልስ በ1990 ያሳየው ነገር ለቸኮለ ተማሪ ትልቅ እገዛ ነው። የጥናት ጽሑፎች መግቢያ በአብዛኛው ሦስት እርምጃ አለው ይላል። መስኩን ታስተዋውቃለህ፤ በመስኩ ውስጥ ያለውን ክፍተት ታሳያለህ፤ ክፍተቱን በምን እንደምትሞላ ትናገራለህ። የተማሪ ረቂቅ ሳነብ በብዛት የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። ብዙዎቹ «ማኅበራዊ ሚዲያ በአሁኑ ዘመን በፍጥነት እያደገ ነው» ብለው ይጀምሩና ወዲያው «የዚህ ጥናት ዓላማ» ውስጥ ይገባሉ። ማን ምን ሠርቶ፣ የት ላይ እንዳቆመ የለም። ከላይ ላነሳሁት ተማሪ ክፍተቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ «ተሳታፊዎች ማቋረጣቸው ውጤትን እንደሚያዛባ ተደጋግሞ ተነግሯል። ጽሑፎች ይህን ቁጥር የት እና እንዴት እንደሚያስቀምጡ ግን በዚህ ጆርናል ላይ አልተፈተሸም።» አርታኢው ማንበቡን እንዲቀጥል የሚያደርገው ይህ ነው።

ርዝመትም አያስጨንቃችሁ። ብዙ ጆርናሎች አጭር ዘገባ፣ የጥናት ማስታወሻ፣ የመጽሐፍ ግምገማ፣ በታተመ ጽሑፍ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ይቀበላሉ። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ በ1953 ያሳወቁበት ጽሑፍ ከ1,000 ቃል በታች ነው።

«መጠይቅ በትን፤ ውጤት እስኪወጣ አገላብጥ»

ይህ ነጥብ በጣም አሳዘነኝ። ሁለት ነገር አለበት።

አንደኛ፣ መጠይቅ ፈጣን ነው የሚለው ስህተት ነው። ከሰዎች መረጃ መሰብሰብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ፈቃድ አይሰጥም፤ ብዙ ጆርናሎችም የፈቃዱን ቁጥር ጻፍ ይላሉ። እዚያ ላይ ባዶ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ደግሞም ለጓደኞች በስልክ የተላከ ሊንክ ናሙና አይባልም። የመለሱት እናንተን የሚወዱና ጊዜ የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ጸሐፊው ዳታው መጀመሪያ ምንም ካላሳየ በጾታ ክፈለው፣ በዕድሜ ክፈለው፣ የሚያስቸግሩ መልሶችን አውጣ፣ የሆነ ነገር መውጣቱ አይቀርም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይቀርም። ችግሩም እሱ ነው። በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት፣ በእውነታው ምንም ዝምድና የሌላቸውን ነገሮች አንድ ጊዜ ብቻ ብንፈትሽ በአጋጣሚ ብቻ «ውጤት» የማግኘት ዕድላችን 5 በመቶ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዙ 20 ፍተሻዎች ብናደርግ ግን ቢያንስ አንድ የውሸት ውጤት የማግኘት ዕድላችን ወደ 64 በመቶ ይወጣል። ጆሴፍ ሲመንስ፣ ሊፍ ኔልሰንና ዩሪ ሳይመንሰን በ2011 ይህን አደጋ ለማሳየት ብለው ሆን ብለው ሠሩት። ተለዋዋጮችን እያቀያየሩ፣ የሚስማማቸውን ብቻ ሪፖርት እያደረጉ አንድ ዘፈን ማዳመጥ የሰውን ዕድሜ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቀንሳል የሚል በስታቲስቲክስ «ጉልህ» የሆነ ውጤት አወጡ። ስሜቱን አላሉም፤ የልደት ቀኑን ነው ያሉት። ይህ ሥራ የታተመው እንዲህ እንዳይደረግ ለማስጠንቀቅ ነው። አሁን ለተማሪ እንደ ምክር ሲሰጥ ሳይ ደነገጥኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልምድ ያለው ገምጋሚ «ለምን ከ22 ዓመት በታች የሆኑት ብቻ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የለም። ገምጋሚው ቢያልፈው እንኳ ሌላ ሰው ደግሞ ሲሠራው አይገኝም።

ጊዜ የሌለው ተማሪ መረጃ ባይሰበስብ ይሻለዋል። የተሰበሰበ ሞልቷል። መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በነጻ የለቀቁት ዳታ አለ፤ ጽሑፋቸውን ሲያሳትሙ ዳታቸውን አብረው የሚያስቀምጡ ተመራማሪዎችም ብዙ ናቸው። የታተመን ውጤት በራሱ በዳታው እንደገና ማስላት አንድ ሙሉ ሥራ ነው። ቶማስ ሄርንደን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ለአንድ ኮርስ የተሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነበር፤ የታተመ ጥናት ወስደህ ቁጥሩን ድገም። እሱ የወሰደው ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ ስለ አገሮች ዕዳና ዕድገት በ2010 ያወጡትን ነው። ቁጥሩ አልገጥም አለው። ደራሲዎቹን ጠየቀ፤ የኤክሴል ፋይላቸውን ላኩለት። አማካዩ ሲሰላ የአምስት አገሮች ረድፍ ከስሌቱ ውጭ ቀርቷል። ሌሎች የስሌት ምርጫዎችም ታክለውበት፣ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው አገሮች ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ የተባለው አማካይ ዕድገት ሲታረም 2.2 በመቶ ሆነ። በ2013 ከመምህራኑ ጋር ሲያወጣው የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አልነበረም፤ ያንን አልክድም። የተጠቀመበት ግን ኤክሴል፣ ጥርጣሬና አንድ ትሑት ኢሜይል ነው። ይህ በማንኛችሁም እጅ አለ።

«የታወቀ ምሁር ስም አስገባ»

ባጭሩ፣ አይሆንም። የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣውን መስፈርት ከሕክምና ውጭ ያሉ ጆርናሎችም ይከተሉታል። ደራሲ የሚባለው በሥራው ላይ በተጨባጭ የተሳተፈ፣ ረቂቁን የጻፈ ወይም በጥልቀት ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና ለይዘቱ ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ ሰው ነው። አራቱም መሟላት አለባቸው። ሳያውቁ ስማቸው የገባ ምሁር ሲደርሱበት ጽሑፉ ይሰረዛል፤ የሚጠየቀው ደግሞ ተማሪው ነው።

ምሁሩ ጋ መሄዱ ግን ጥሩ ነው። ስም አትለምኗቸው፤ ንባብ ለምኗቸው። «መምህር፣ ሁለት ገጽ ናት፤ ክፍተቱ ያሳምናል ወይ የሚለውን ብቻ ቢያዩልኝ» ብትሉ ብዙዎቹ ያያሉ። አማካሪያችሁ ጥያቄውን አብረው ከቀረጹ፣ ትንተናውን ካረሙ ደራሲ መሆን ይገባቸዋል። ይህን መጀመሪያውኑ በግልጽ ተነጋገሩ፤ የስም ቅደም ተከተሉንም ጭምር። አንብበው አስተያየት ብቻ ከሰጡ ምስጋና የሚለው ክፍል አለ።

«ክለሳ ድርሳናቱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፍ»

መሣሪያውን አልጠላም። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለማቃናት፣ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ለማሳጠር የሚጠቀሙ ተማሪዎች አሉ፤ ጆርናሉ የሚፈቅድ ከሆነና ከተገለጸ አያስነቅፍም። ክለሳ ድርሳናትን ለእሱ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሌለ ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። የደራሲው ስም እውነተኛ ነው፣ ጆርናሉም አለ፣ ቅጹና ገጹ ተጽፏል። ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የለም። እንዲህ ያለ ዋቢ ረቂቅ ውስጥ ሳገኝ የቀሩትን ማመን ያቅተኛል። አርታኢም እንደዚሁ ነው፤ አንዱን የሐሰት ዋቢ ካየ የቀረውን አያነብም።

የህትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በ2023 ባወጣው አቋም እነዚህ መሣሪያዎች ደራሲ ሊሆኑ አይችሉም ብሏል፤ ለጻፉት ነገር ተጠያቂ ሊሆኑ ስለማይችሉ ነው። ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ይሁን፦ ራሳችሁ ከፍታችሁ ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ። ደግሞ ክለሳው የጥያቄያችሁ መነሻ ነው። እሱን ያልጻፈ ተማሪ ገምጋሚ «ይህ ከእገሌ ሥራ በምን ይለያል?» ሲለው ምን ይላል?

«ቶሎ ለሚመልሱ ጆርናሎች ባንዴ ላክ»

አንድን ጽሑፍ ባንድ ጊዜ ለብዙ ጆርናል መላክ ክልክል ነው። ስትልኩ «ይህ ጽሑፍ ሌላ ቦታ በግምገማ ላይ አይደለም» የሚል መግለጫ ትሞላላችሁ። ለአምስት የላከ ሰው አምስት ጊዜ ዋሽቷል ማለት ነው። (አሜሪካ ውስጥ በተማሪዎች የሚዘጋጁ የሕግ ጆርናሎች ለብዙ መላክን ይፈቅዳሉ። ለሕግ ተማሪዎች ይህን ብቻ ልብ በሉ፤ የሌላው መስክ ደንብ ከዚህ የተለየ ነው።)

«ቶሎ የሚመልሱ» የተባሉትስ? በአራትና በአምስት ቀን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ጆርናል አላነበባችሁም። ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣውን ሙከራ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ፣ ካንሰርን ያዳክማል ስለተባለ ንጥረ ነገር የሚያወራ የውሸት ጥናት ጻፈ። በሐሰት ስም ለ304 ክፍት ጆርናሎች፣ ማለትም ማንም በነጻ ለሚያነባቸው፣ ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። 98ቱ ብቻ አልተቀበሉትም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2016 ኦሚክስ የተባለውን አሳታሚ ክፍያን በመደበቅና ያልተደረገ የአቻ ግምገማ ተደርጓል በማለት ከሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2019 ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኗል።

ተማሪ እዚህ ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ ይደሰታል። ከዚያ የክፍያ ደረሰኝ ይመጣል፤ ከመላኩ በፊት ያልተነገረ። ልተወው ሲል ለመተውም ክፈል ይባላል። ይባስ ብሎ ጽሑፉ ሳይጠየቅ ይወጣል። አንዴ ከወጣ ሌላ ጆርናል አይወስደውም። ያ የደከመበት ሠንጠረዥ፣ ያ ጥሩ ጥያቄ እዚያው ቀረ። ለማስተርስ ሲያመለክትም ማመልከቻውን የሚያየው ምሁር የጆርናሉን ስም ሲያይ ያውቀዋል።

ክፍያ መኖሩ ብቻውን ግን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ፕሎስ ዋን የተባለው ክፍት ጆርናል ከ2006 ጀምሮ ከደራሲ እያስከፈለ በትክክል ያስገመግማል። መፈተሻው ሌላ ነው። ክፍያው ከመላካችሁ በፊት በግልጽ ተጽፏል? ጆርናሉ ክፍት ከሆነ በ2003 በተጀመረው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ፣ በዲኦኤጄ ውስጥ አለ? የቦርድ አባል የተባሉት ሰዎች በራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ይህን ጆርናል ይጠቅሱታል? ከሁሉ በላይ ግን ከዚያ ጆርናል ሁለት ጽሑፍ አውርዳችሁ አንብቡ። እናንተ እንኳ የምታዩት ስህተት ካለበት ገምጋሚ አላየውም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም ጠይቁ፤ ተማሪዎች የሚረሷቸው ሰዎች ናቸው፣ ይህን ጉዳይ ግን ከብዙ መምህራን በላይ ያውቁታል።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት መንገድም አለ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሥራ የቆሙ፣ በትክክል የሚያስገመግሙ ጆርናሎች አሉ። በሒሳብ ከ2008 ጀምሮ የሚወጣው «ኢንቮልቭ» ከደራሲዎቹ ቢያንስ ሲሶው ተማሪ እንዲሆን ይጠይቃል። በሌሎች መስኮችም ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጧቸው አሉ። ጆርናሉን ሥራው ካለቀ በኋላ አትፈልጉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ምረጡ። የቃላት ገደቡን፣ የዋቢ አጻጻፉን፣ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ከወዲሁ ካወቃችሁ የመጨረሻዎቹ ቀናት በፎርማት አይባክኑም።

የማመልከቻ ቀን ደርሶባችሁ ከሆነ ደግሞ ታማኝ መውጫ አለ። ጆርናሉ የሚፈቅድ ከሆነ ረቂቁን በቅድመ ህትመት ማኅደር፣ ማለትም ረቂቆች ከግምገማ በፊት ለሁሉም በነጻ በሚቀመጡበት ድረ ገጽ ላይ አስቀምጡ። አርካይቭ ከ1991 ጀምሮ ለፊዚክስና ለሒሳብ፣ ባዮአርካይቭ ከ2013 ጀምሮ ለሥነ ሕይወት ይሠራሉ፤ ለማኅበራዊ ሳይንስም ሶሳርካይቭ አለ። አርካይቭ ለአዲስ ደራሲ የሌላ ሰው ድጋፍ ስለሚጠይቅ አማካሪያችሁን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ። ሲቪያችሁ ላይ «በግምገማ ላይ» ብላችሁ ሊንኩን አስገቡ። ማመልከቻውን የሚያየው ሰው ከፍቶ ያነበዋል፤ ሥራውን ያየዋል።

ጸሐፊው ሲጨርሱ አንዴ ውድቅ ከተደረገ ተወውና ሌላ ርዕስ ጀምር ይላሉ። ይህንንም አትቀበሉ። ውድቅ መደረግ ለታወቁ ተመራማሪዎችም የዘወትር ነገር ነው። አርታኢው ለግምገማ ሳይልክ ከመለሰው ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ከጆርናሉ መስክ ጋር አልገጠመም፤ ለሌላ ይላካል። የገምጋሚ አስተያየት ከመጣ ግን ባለሙያ በነጻ ያነበበላችሁ ነው። አንድ ቀን አሳድሩት። በማግስቱ እያንዳንዱን አስተያየት በሠንጠረዥ ግራ በኩል ገልብጡ፤ በቀኝ በኩል ምን እንዳደረጋችሁ፣ ካልተስማማችሁም ለምን እንዳልተስማማችሁ ጻፉ። «አመሰግናለሁ፣ ተስተካክሏል» አይበቃም፤ ገጹንና የተለወጠውን ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ረቂቁን ለአማካሪያችሁ አሳዩና ለሚቀጥለው ጆርናል ላኩት።